ከመንገዱ ዳር የቆሙት፦ የመኪና ፎቶግራፍና የመጀመሪያው ካሜራ

ፎቶግራፍና አውቶሞቢል የአንድ ምዕት ዓመት ልጆች ናቸው። ሁለቱም በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት በአውሮፓ ተወለዱ፤ ሁለቱም በመጀመሪያ የጥቂት ባለጸጎች መዝናኛ ሆነው ቆዩ፤ ሁለቱም ውለው አድረው የሰው ልጅ ስለ ጊዜና ስለ ርቀት የነበረውን ግንዛቤ ለወጡ። ይሁን እንጂ በተገናኙ ቁጥር በመካከላቸው ክርክር ይነሣል። መኪና ይሮጣል፤ ፎቶግራፍ ያቆማል። ለመሆኑ የሚሮጠውን ነገር ሩጫውን ሳይነጥቁት በምስል ማስቀረት እንዴት ይቻላል? የመኪና ፎቶግራፍ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ የኖረ ታሪክ ነው። ከዚሁ ጋር ተያይዞ ከሙያው አልፎ የኅብረተሰቡን ኑሮ የሚነካ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፣ ጥበቡን ለመማር ደጋግሞ መሳሳት ግድ ከሆነ፣ የመሳሳት አቅም የነበረው ማን ነው? የሚለው ነው።

ለሁለቱም ጥያቄዎች ጥሩ አስረጂ የሚሆነው ፈረንሳዊው ዣክ ኦንሪ ላርቲግ ነው። ላርቲግ በ1894 በፓሪስ አጠገብ በኩርብቯ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ራሱ ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወድ ሰው ነበርና፣ በ1902 ስምንት ዓመት ገደማ ለሆነው ልጁ የመጀመሪያውን ካሜራ ሰጠው። ካሜራው ከእንጨት የተሠራ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቀመጥ፣ 13 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ሰሌዳ የሚጎርስ ነበር። ለሕፃን እጅ የሚቀል፣ ለሚሮጥ ነገርም የታሰበ መሣሪያ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ በእጅ የሚያዙና ፈጠን ያሉ ካሜራዎች ተከተሉ። ልጁም ታላቅ ወንድሙ ዚሱ የሚሠራቸውን ባለ ጎማ ጋሪዎች፣ ከደረጃ የሚዘሉ ዘመዶቹን፣ ከዚያም አውሮፕላኖችንና የእሽቅድምድም መኪናዎችን ማሳደድ ጀመረ።

ከእነዚህ ሁሉ ሥራዎቹ እጅግ የታወቀው በፈረንሳይ ግራን ፕሪ ውድድር ላይ ያነሣው አንድ ፎቶግራፍ ነው። ለረጅም ጊዜ በ1912 እንደተነሣ ተመዝግቦ የኖረ ሲሆን፣ በኋላ የተደረገ ምርመራ ግን የ1913 ውድድር መሆኑን አሳይቷል። በምስሉ ላይ 6 ቁጥር የተጻፈበት መኪና ወደ ቀኝ ይከንፋል፤ ፊቱ ከምስሉ ጠርዝ አልፎ ተቆርጧል። ክብ መሆን የነበረበት ጎማ እንደ እንቁላል ሞልሞሎ ወደ ፊት ጋድሏል። ከመንገዱ ዳር የቆሙት ተመልካቾች ደግሞ፣ ብርቱ ነፋስ እንደገፋቸው ሁሉ፣ ወደ ኋላ አዘንብለዋል።

የዚህ ምክንያቱ ምትሐት አይደለም። በካሜራው ውስጥ ሸተር የሚባለው የብርሃን መዝጊያ ከሰሌዳው ፊት የተዘረጋ መጋረጃ ነበር። በመጋረጃው ላይ ያለው ጠባብ ስንጥቅ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ሰሌዳውን የሚያበራው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተራ በተራ ነው። በካሜራ ውስጥ ምስል ተገልብጦ ስለሚያርፍ፣ መጀመሪያ የተቀረጸው መሬቱ፣ በመጨረሻ የተቀረጸው የሰዎቹ ራስ ሆነ። ላርቲግ መኪናውን ለመከተል ካሜራውን እያዞረ ነበር፤ መኪናው ግን ቀደመው። ስለዚህ የጎማው አናት ከግርጌው ይልቅ ወደ ፊት ሄዶ ተገኘ፤ ካሜራው በመዞሩም የቆሙት ሰዎች ራስ ከእግራቸው ወደ ኋላ ቀረ። በአንድ ምስል ላይ ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች፣ የማሽኑና የሰውዬው፣ በአንድነት ተጻፉ ማለት ነው።

በዘመኑ የፎቶግራፍ ደንብ ሲመዘን ይህ ጉድለት ነበር፤ መኪናው ተቆርጧል፣ ጎማው ተጣሟል፣ ሰዎቹ ጥርት ብለው አይታዩም። ምስሉ ለአሥርተ ዓመታት ብዙ ትኩረት ሳያገኝ ቆየ። ላርቲግም ራሱን የሚቆጥረው በሠዓሊነት ነበር። በ1963 ግን ጆን ሻርኮቭስኪ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የላርቲግን ፎቶግራፎች ለሕዝብ አሳየ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ላይፍ የተባለው መጽሔት፣ የፕሬዚዳንት ኬኔዲን መገደል ባተተበት በዚያው እትሙ፣ ሥራዎቹን ይዞ ወጣ። በ69 ዓመቱ ሰውዬው በዓለም ታወቀ። የተጣመመው ጎማም የፍጥነት ምልክት ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጡ ሠዓሊዎችና ካርቱን ሠሪዎች መኪናን ወደ ፊት አጋድለው ሲስሉ ተመልካቹ ሩጫ መሆኑን ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ነገር ግን ይህ ታሪክ የአንድ ሰው ተሰጥኦ ታሪክ ብቻ ተደርጎ ቢወሰድ ግማሹ ይቀራል። እያንዳንዱ የመስታወት ሰሌዳ በገንዘብ የሚገዛ ነበር፤ ማጠቢያው መድኃኒት፣ ጨለማ ክፍሉ፣ የእረፍት ጊዜውም እንደዚሁ። ላርቲግ መቶ ጊዜ ቢሳሳት መቶ ሰሌዳ የሚገዛለት አባት ነበረው። በምስሉ ላይ ከመንገዱ ዳር ቆመው ከሚታዩት መካከል ምናልባት ከእርሱ የላቀ ዓይን የነበረው ሰው ይኖር ይሆናል፤ የመሳሳቻ ገንዘብ ግን አልነበረውም። የካሜራ ታሪክ በአመዛኙ መሣሪያው ከመኪናው ባለቤት ወገን ወደ መንገዱ ዳር ሰዎች የተሻገረበት ታሪክ ነው።

ሽግግሩ በአንድ ጀምበር አልሆነም። በ1936 በድሬስደን ከተማ የተሠራው ኪኔ ኤግዛክታ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራ ባለ አንድ ሌንስ ሪፍሌክስ ካሜራ ነበር፤ በውስጡ ያለው ጋደል ያለ መስታወት በሌንሱ የሚገባውን ምስል በቀጥታ ለፎቶግራፍ አንሺው ዓይን ያቀርባል። ሆኖም ከላይ ወደ ታች ሲታይ ግራና ቀኙ ይገለባበጣል፤ ወደ ቀኝ የሚሮጥ መኪና ወደ ግራ የሚሮጥ ይመስላል። በ1949 በዚያው ከተማ የወጣው ኮንታክስ ኤስ ይህን በፕሪዝም አስተካከለ። በ1954 የጃፓኑ አሳሂ ኩባንያ፣ ሥዕሉ እንደተነሣ መስታወቱ ወዲያው ወደ ቦታው የሚመለስበትን ካሜራ አወጣ፤ ከዚያ በፊት በብዙዎቹ ካሜራዎች መስኮቱ ይጨልምና መኪናው ከዓይን ይጠፋ ነበር። እነዚህ ትናንሽ የሚመስሉ ማሻሻያዎች ተደማምረው የሚሮጥን ነገር በዓይን መከተል የሚችል መሣሪያ ፈጠሩ።

መሣሪያው ሲቀል ፎቶግራፍ አንሺዎችም ወደ አደጋው ቀረቡ። በ1957 በጣሊያን በተካሄደው ሚሌ ሚሊያ ውድድር ሉዊስ ክሌማንታስኪ በፒተር ኮሊንስ ፌራሪ ውስጥ መንገድ መሪ ሆኖ ተቀምጦ ከውስጥ ሆኖ ፎቶግራፍ አነሣ። በዚያው ውድድር የአልፎንሶ ደ ፖርታጎ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ነጂውን፣ ረዳቱንና ከመንገዱ ዳር የነበሩ ዘጠኝ ተመልካቾችን ገደለ፤ ከእነርሱም አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። በአውራ ጎዳና ላይ ይደረግ የነበረው ያ የፍጥነት ውድድር በዚሁ አበቃ። ከመኪናው ውጭ ያለው ሰው ለፎቶግራፉ የጀርባ ማስጌጫ አለመሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል። ፍጥነት የሚለካው በእርሱ ነው፤ ዋጋውንም አንዳንድ ጊዜ የሚከፍለው እርሱ ነው።

ታላቁ ለውጥ የመጣው ፊልሙ ሲቀር ነው። በ1975 የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን የሠራው ዲጂታል ካሜራ 0.01 ሜጋ ፒክስል ብቻ የነበረው ሲሆን አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይወስድበት ነበር። በ1991 ይኸው ኩባንያ በኒኮን ኤፍ 3 አካል ላይ የተመሠረተ ባለ 1.3 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ለገበያ አቀረበ፤ ማኅደሩ ለብቻው በትከሻ የሚሸከሙት፣ ዋጋውም ከአንድ አዲስ መኪና የማያንስ ነበር። በ2003 ግን ካኖን ባለ 6.3 ሜጋ ፒክስል ኢ.ኦ.ኤስ. 300 ዲ የተባለውን ዲጂታል ሪፍሌክስ ከ1,000 ዶላር በታች ሸጠ። የካሜራው ዋጋ መውረድ አንድ ነገር ነው፤ ከሁሉ የበለጠው ግን የስሕተት ዋጋ ወደ ምንም መውረዱ ነበር። አንድ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ አምስት መቶ ጊዜ ተሳስቶ አንድ ሰሌዳ ሳይገዛ ወደ ቤቱ ሊመለስ ቻለ።

ከዚህ ታሪክ የመጀመሪያ ካሜራውን ለሚመርጥ ሰው የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። በካሜራው ግንባር ላይ የተጻፈው የፒክስል ቁጥር የመጨረሻው መመዘኛ ይሁን። መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ መሣሪያው የሸተሩን ጊዜ ለባለቤቱ ፈቃድ ይተውለታል ወይ? የሚለው ነው። በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሰከንድ 30 ሜትር ይጓዛል። በሰከንድ አንድ ሺህኛ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሄድ ምስሉ ጥርት ይላል፤ ግን ጎማው ስለማይዞር የቆመ መኪና ይመስላል። በሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ግን አንድ ሜትር ይሄዳል። ካሜራውን ከመኪናው ጋር እኩል እያዞረ በዚህ ፍጥነት የሚያነሣ ሰው፣ እጁ ከሠለጠነ፣ መኪናው ጎልቶ ጎማውና መንገዱ ሲፈስ ያገኛል። ለቆመ መኪናም ሌላ ትምህርት አለ። የመኪና ገላ መስታወት ነውና ሰማዩን፣ ግንቡን፣ አንሺውን ራሱን መልሶ ያሳያል፤ ስለዚህ ለስላሳውን የማለዳና የአመሻሽ ብርሃን መጠበቅ፣ የሚንጸባረቀውንም ነገር አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ሁሉ ያገለገለ ካሜራና አንድ ደህና ሌንስ ይበቃል።

ዛሬ መስታወት አልባ ካሜራዎች የሪፍሌክሱን ቦታ እየወሰዱ ነው። በብዙዎቹና በእጅ ስልኮች ውስጥ ምስሉ የሚነበበው መስመር በመስመር ስለሆነ፣ በፍጥነት የሚያልፍ መኪና በእነርሱም ተጣሞ ይወጣል፤ የ1913ቱ ጉድለት በአዲስ ልብስ ተመልሷል። በአንድ ነገር ግን ዘመኑ ይለያል። የላርቲግ የመስታወት ሰሌዳ አልተጣለምና ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ዳኛውን አገኘ። የዛሬው ተማሪ ያነሣውን በትንሿ መስኮት ለአፍታ አይቶ፣ ከደንቡ የወጣውን በአንድ ጣት ይሰርዛል። ስሕተት በነጻ በሚገኝበት ዘመን ስሕተትን መመርመር ውድ ሆኗል። ስለዚህ የመኪና ፎቶግራፍ የሚያስተምር መምህር ለተማሪዎቹ ሊሰጣቸው ከሚችላቸው ደንቦች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፦ የተበላሸውን ምስል ከመሰረዝ በፊት ለምን እንደተበላሸ በቃል አስረዱ፤ ማስረዳት ያቃታችሁንም አስቀምጡት።