ገመዱና አውራ ጣት

«የፊጥኝ ታሰረ» ሲባል ማን ማብራሪያ ይፈልጋል? እጅ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ፣ ጥፍንግ ተደርጎ። በእኛ አፍ ቃሉ ቅጣት ቅጣት ይሸታል፤ የታሳሪው እጅ ነገ ምን ይሆናል ስለሚለው ግን ዝም ነው። ጃፓኖች ስለዚያ እጅ ያሰቡበት ረጅም ታሪክ አላቸው፤ እኔን የሳበኝም ይኸው ነው።

በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) እስረኛን በገመድ ማሰር ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ ሆጆጁትሱ ይሉታል። ሲወርድ ሲዋረድ የመጡት ደንቦቹ አራት ናቸው፦ እስረኛው አያምልጥ፣ አይጎዳ፣ አስተሳሰሩን ሌላ ሰው አይይ፣ ሲታይም ያምር። «አይጎዳ» የምትለዋን ርኅራኄ ነው ብዬ አልቀበልም። ያው መንግሥት እኮ ሰውን እንደ ሽሪምፕ አጣጥፎ ማሰርንና በገመድ ማንጠልጠልን ለምርመራ በሕግ ፈቅዶ ነበር!

ሠዓሊው ኢቶ ሴዩ (1882–1961) እነዚህን አሮጌ ቅጣቶች አጥንቶ ሣላቸው። ኪንባኩ ለሚባለው፣ አዋቂዎች ተስማምተው ለሚያደርጉት የገመድ ጥበብ አባት የሚባለውም እሱ ነው። (አንዳንድ አንባቢ ፊቱን ያጨፈግግ ይሆናል፤ ይሁን፣ የእኔ ጉዳይ ነርቩ ነው።) እዚህ ታሳሪው ነገ ሥራ የሚገባ ሰው ነው።

የተለመደው አስተሳሰር፣ ታካቴ ኮቴ፣ እጅን ከጀርባ አጣምሮ ገመዱን በላይኛው ክንድ ላይ ያዞራል። ራዲያል የሚባለው ነርቭ ደግሞ የክንድን አጥንት ዞሮ የሚወርደው እዚያው ነው፤ ከአጥንቱ ተጠግቶ። ሰክሮ ክንዱን በወንበር መደገፊያ ላይ ጥሎ ያደረ ሰው ጠዋት እጁ ተንጠልጥሎ የሚቀረው በዚሁ ነርቭ የተነሳ ነው፤ ሐኪሞች «የቅዳሜ ሌሊት ሽባነት» ይሉታል።

ተንኮሉ፣ ነርቭ ሲጎዳ ላያም ይችላል። ብዙ ሰው የጣት ቀለም ያያል፤ ጠቆረ፣ ቀዘቀዘ ይላል። እሱ የደም ዝውውር ወሬ ነው። ጣት እንደሞቀ፣ መልኩም ደህና ሆኖ፣ ነርቩ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አሳሪው ገና ሲያስርም፣ አስሮም ደጋግሞ ይጠይቃል፦ «መዳፍሽን ከአንጓው ወደ ኋላ ቀልብሺ። አውራ ጣትሽን አንሺ። እዚህ፣ በእጅሽ ጀርባ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ስነካሽ ይሰማሻል?» መጨበጥ ብቻ አይበቃም፤ መጨበጥ የሌሎች ነርቮች ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 እንግሊዛዊው ሐኪም ኸርበርት ሴዶን የነርቭ ጉዳትን በሦስት ደረጃ ከፈለ። ቀላሉ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። የውስጥ ክሩ ከተበጠሰ ግን በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ 10 ሴንቲሜትር መንገድ 100 ቀን ማለት ነው። «ትንሽ ልታገስ» የማይሠራውም ለዚህ ነው። አውራ ጣት ከደከመ ገመዱ ወዲያው ይፈታል፤ ቋጠሮው እምቢ ካለም በመቀስ ይቆረጣል።