ፈረሱ ከመምጣቱ በፊት፦ መምሉኮች እንዴት ይሰለጥኑ ነበር?



ስለ ዓይን ጃሉት ያልሰማ ወጣት በመካከላችን ጥቂት ነው። በ658 ዓመተ ሂጅራ ረመዷን 25፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1260፣ ከሁለት ዓመት በፊት ባግዳድን ያወደመው የሞንጎል ኃይል በፍልስጤም ምድር በግብፅ ሠራዊት ተሸነፈ። የሞንጎሎቹ አዛዥ ኪትቡቃም ተገደለ። የሱልጣን ቁጡዝን ጀግንነትና ግንባር ቀደሙን ጦር የመራውን የበይበርስን ስም እየሰማን ነው ያደግነው።

ውጊያው ግን የአንድ ቀን ነገር ነው። እኛ ዛሬ ማውጋት የፈለግነው ከዚያ ቀን በፊት ስላለፉት ዓመታት ነው። እነዚያ ፈረሰኞች ከየት መጡ? በዘመኑ ከነበሩት ሠራዊቶች ሁሉ ምርጥ ወደሚባለው ክፍል ለመግባትስ በምን ውስጥ ማለፍ ነበረባቸው?

ከመነሻው እንጀምር። "መምሉክ" ማለት በሰው ይዞታ ሥር ያለ፣ የተገዛ ማለት ነው። ወደዚህ ክፍል ማንም ሰው "ልመዝገብ" ብሎ አይሄድም ነበር። መግቢያው ገበያ ነው። ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ካለው ሰፊ የሣር ሜዳ የቂብጫቅ ቱርክ ልጆች፣ በኋላ ደግሞ ከካውካሰስ ተራሮች የሰርካሲያ ልጆች በነጋዴ እጅ ወደ ሶሪያና ግብፅ ይመጡ ነበር። ከፊሎቹ በጦርነት የተማረኩ ናቸው፤ ከፊሎቹን ችግር የጠናበት ቤተሰብ ራሱ ሸጧቸዋል። የቂብጫቅን ምድር በፈረስ ረግጦ ብዙዎቹን ለባርነት የዳረጋቸው የሞንጎል ጦር ነው። እነዚያው ልጆች አድገው በዓይን ጃሉት ተገናኙት። ሱብሃነላህ!

ዋጋቸውም እኩል አልነበረም። በኋላ ሱልጣን የሆነው ቀላውን "አልፊ" ይባል ነበር፤ በ1000 ዲናር የተገዛ ለማለት ነው። በይበርስ ግን በአንድ ዓይኑ ላይ ነጭ ነጥብ ስለነበረው በርካሽ ነው የተሸጠው። ገዢው ያኔ እንከን ያለበት ዕቃ መስሎታል። (በነገራችን ላይ፣ አጼ ይኩኖ አምላክ ጳጳስ እንዲላክላቸው ደብዳቤ የጻፉት ለዚሁ በይበርስ ነው።)

ይህን የገበያ ክፍል ብዙ ተራኪዎች ዘለው ወደ ጦር ሜዳው ይሄዳሉ። እኛ መዝለሉ ተገቢ አይመስለንም። ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ ቋንቋውን በማያውቅበት አገር የቆመ የአስር ወይም የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ የዚህ ታሪክ የመጀመሪያ ገጽ ነው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። በካይሮ ተወልዶ ያደገ ነጻ ሙስሊም ልጅ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ፈረሰኛ ቢሆን፣ ወደ ሱልጣኑ መምሉኮች አይገባም። የመምሉኮቹ የራሳቸው ልጆችም ቢሆኑ በደንቡ አይገቡም፤ "አውላዱ ናስ" ተብለው ዝቅ ባለ ሌላ ክፍል ይመደባሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሱልጣኑ የሚፈልገው አባት፣ ዘመድ፣ ጎሳ የሌለው፣ ከገዛውና ካሳደገው ጌታ በቀር የሚጠጋበት የሌለው ወታደር ነው። ያን ጌታ ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃላችሁ? "ኡስታዝ"። እኛ ቁርኣን ላስቀራን ሰው የምንሰጠው ስም ማለት ነው።

ነገሩን በትልቁ የጀመረው ከ1240 እስከ 1249 ግብፅን የገዛው የአዩቢው ሱልጣን ሷሊህ አዩብ ነው። ልጆቹን በአባይ ወንዝ መሐል ባለችው በረውዷ ደሴት አሰፈራቸው። ግብፆች አባይን "በሕር" ስለሚሉት ክፍሉ "በሕሪያ" ተባለ። በፌብሩዋሪ 1250፣ ሱልጣኑ ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የፈረንሳይ መስቀለኞች መንሱራ ከተማ ድረስ ሲገቡ በጠባብ መንገዶቿ ውስጥ የፈጇቸው እነዚህ ናቸው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ ዘጠነኛም በዚያው ዓመት ተማረከ።

ቆየት ብሎ ሥልጠናው ወደ ካይሮው ምሽግ፣ ወደ ቀልዓው ገባ። የልጆቹ ሰፈሮች "ጢባቅ" ይባሉ ነበር። ስለ ሕይወታቸው በሰፊው የጻፉልን ከ1364 እስከ 1442 የኖሩት የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ መቅሪዚ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። እሳቸው እንደሚነግሩን አዲስ የገባ ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው ሰይፍ አልነበረም። ሰሌዳ ነው።

በየሰፈሩ ፈቂህ ተመድቧል። ልጁ ቁርኣን ይቀራል፣ መጻፍ ይማራል፣ ሰላቱን ያስተካክላል፣ የሸሪዓን አደብ ይለምዳል። ዐረብኛ የማይችል ልጅ ከአሊፍ ነው የሚጀምረው። ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ድረስ ሥራው ይኸው ነው። የሰፈሩ ጠባቂዎች ጃንደረቦች ናቸው። ሲተኛም ሲነሳም ያዩታል፤ ከትልልቆቹ ጋር እንዳይቀላቀልና እንዳይባልግ ይቆጣጠሩታል። አደብ ያጎደለ ልጅ ቅጣቱ ከባድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው "ፉሩሲያ" የሚመጣው፤ ፈረስ መጋለብን፣ ጦርን፣ ቀስትንና ሰይፍን የሚያጠቃልል የፈረሰኛ ጥበብ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጀግንነትን የሚያስበው እንደ ስሜት ነው፣ እዚያ ግን ልማድ ነበር።

ፈረስ መውጣት የሚጀመረው ከእንጨት በተሠራ ፈረስ ላይ ነው። ልጁ መዝለል፣ መቀመጥ፣ መውረድ፣ እንደገና መዝለል ነው፤ መጀመሪያ ባዶ እጁን፣ ቀጥሎ መሣሪያ ይዞ። በሕይወት ያለ ፈረስ የሚሰጠው ይህን ከቻለ በኋላ ነው። በደጋን በኩል ደግሞ ለስላሳውን ይዞ ይጀምራል፣ ክንዱ ሲጠነክር ወደ ጠንካራው ይሸጋገራል። ዒላማው በጥጥ የተጠቀጠቀ ቅርጫት ሲሆን የሚቆመውም ከቅርብ ነው። አለመሳቱ በቂ አይደለም፤ አቋቋሙ፣ አያያዙ፣ አለቃቀቁ ይታያል። ሰይፍ በሸክላ ጭቃ ላይ ነው የሚለመደው። በየቀኑ የምቱ ቁጥር ይጨምራል። ክንዱ ከጠና በኋላ ወረቀት ይደራረብለትና ከዚያ ውስጥ የተነገረውን ያህል ብቻ ቆርጦ እንዲያቆም ይታዘዛል። በኃይል መምታት ቀላል ነው፣ እጅን መግታት ግን ይከብዳል። ይህን ስታነቡ የትኛው እንደሚፈለግ ገብቷችኋል።

ጎልማሶቹ በአደባባይ የሚወዳደሩበት "ቀበቅ" የሚባል ጨዋታም ነበር። ከረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ዒላማ ይሰቀላል፣ ብዙ ጊዜ ቅል ነው፤ ፈረሰኛው በሙሉ ሩጫ ሲያልፍ ወደ ላይ ይወረውራል። በይበርስ ሱልጣን ከሆነ በኋላ ለዚሁ ሜዳ አሠርቶ እሱ ራሱ ይወርድ ነበር። ስለዚህ ጥበብ የተጻፉ መጻሕፍትም ብዙ ናቸው፤ በ1295 የሞተው ሐሰን አር-ረማህ ስለ ጦር ሥልጠናም ስለ ባሩድም ጽፏል።

ሥልጠናውን የጨረሰ ወጣት ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ላይ ይወጣል። ነጻ የወጣበት ወረቀት ይሰጠዋል፤ ፈረስ፣ ልብስና መሣሪያም ይቀበላል። አብረውት ያደጉትና በአንድ ጌታ እጅ ነጻ የወጡት "ኹሽዳሽ" ይባላሉ። ቤተሰብ ለሌለው ሰው ቤተሰቡ እነሱ ናቸው። ይሄ ትስስር በጦር ሜዳ ላይ ግንብ ነበር፤ በሰላሙ ጊዜ ግን በቤተ መንግሥት ውስጥ የቡድን ሽኩቻና የደም መነሻ ሆኗል። የዓይን ጃሉቱ ቁጡዝ ወደ ካይሮ ሲመለስ በመንገድ ላይ የገደሉት በይበርስና ጓደኞቹ ናቸው። ደስ የማይል እውነት ነው፤ ግን የዚያው ሥልጠና ፍሬ ነው።

ቀላውን ከ1279 እስከ 1290 ሲገዛ በምግብ ሰዓት ራሱ ወጥቶ የልጆቹን ምግብ ያይ፣ ሥጋውን ይመረምር እንደነበር መቅሪዚ ጽፈዋል። ጉድለት ካገኘ ኃላፊዎቹ ወዮላቸው። ልጆቹን ግን ከምሽጉ ውጭ አያስወጣም። ልጁ ኸሊል ቀን ቀን እንዲወጡ፣ ሌሊት ግን እንዲመለሱ ፈቀደ። በ1382 ሥልጣን የያዘው በርቁቅ ደግሞ በከተማ እንዲኖሩና እንዲያገቡ ፈቀደላቸው። ያኔ ሥልጠናው ላላ። ቆይቶም በልጅነታቸው ሳይሆን ካደጉ በኋላ የሚገዙ መጡ። በአገራቸው መርከበኛ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ውሃ ቀጂ የነበሩ ናቸው። ፈቂሁ ጋር የሚቀመጡበት ዕድሜም ትዕግሥትም አልነበራቸውም። መቅሪዚ የእነዚህን ባህሪ ሲገልጹ ብዕራቸው ምሕረት የለውም፤ በዓይናቸው ያዩትን የካይሮ ገበያ ዘረፋ እያሰቡ ነበር የሚጽፉት። ሙያን መናቃቸው እኛን ባያሳምነንም፣ የዓመታት ሥራ በአጭር ጊዜ ሲተካ ምን እንደሚሆን ግን አይተው ነው የተናገሩት።

ሥልጠናው በላላበት ዘመን ኩራቱ አልላላም። ጠመንጃ መጣ። ጠመንጃ በፈረስ ላይ ሆኖ እንደ ደጋን አይተኮስም፤ መውረድን ይጠይቃል። ለመምሉክ ደግሞ ከፈረስ መውረድ ውርደት ነው። ስለዚህ ጠመንጃው እነሱ ለናቋቸው ተሰጠ፦ በባርነት ለመጡ ጥቁር ወታደሮች። በ1498 ወጣቱ ሱልጣን ሙሐመድ የቃይትባይ ልጅ እነዚህን ጠመንጃ ያዦች አቀረባቸው። አለቃቸውን ፈረጀላህን የሰርካሲያ ተወላጅ ሴት ዳረለት። መምሉኮቹ ይህን ሲሰሙ ተነሱ፤ ፈረጀላህንና ብዙ ባልደረቦቹን ገደሉ። ገዳዮቹም ሟቾቹም በገበያ የተገዙ ሰዎች ነበሩ። ልዩነታቸው አንደኛው ፈረስ፣ ሌላኛው ጠመንጃ መያዙና የቆዳቸው ቀለም ብቻ ነው። እዚያ ሰፈር ውስጥ የተቀራው ቁርኣን ይህን ልዩነት ምን እንደሚለው እነሱም ተምረውት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሱልጣን ቃንሱህ አል-ጉሪ "አምስተኛው ጠበቃ" የሚባል የጠመንጃ ክፍል አቋቋመ። ደመወዙ ከመምሉኮቹ ያነሰ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ መምሉኮቹ ገንዘባችን እየተበላ ነው ብለው ያጉረመርሙ ነበር። በ1515 የጠመንጃ ሰዎች ፖርቹጋሎችን ለመግጠም በቀይ ባሕር በኩል ተላኩ። በቀጣዩ ዓመት፣ ኦገስት 24 ቀን 1516፣ ከሐለብ በስተሰሜን በምትገኘው መርጅ ዳቢቅ መምሉኮቹ በፈረስና በጦር ሆነው የኦቶማኖችን መድፍና ጠመንጃ ገጠሙ። ውጊያው ቀን እንኳ ሙሉ አልፈጀም። ዕድሜው ከ70 ያለፈው ቃንሱህም በዚያው ሜዳ ሞተ፤ አስከሬኑ አልተገኘም።