መኪናና የማይጸና መሬት፤ ስለ ቡለንና ስለ መተከል ቆላ የጉዞ ታሪክ

የመንገድ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቈጠረው ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ እስከዚያ ይህን ያህል መንገድ ተሠራ፥ ይህን ያህል ድልድይ ቆመ፥ ይህን ያህል ገንዘብ ወጣ ይባላል። ይህ አቈጣጠር ለደጋው አገርና ለዋናው ጐዳና ይበቃ ይሆናል። ለመተከል ቆላ፥ በተለይም ለቡለን ወረዳ ግን አይበቃም። በዚያ አገር መንገድ መለካት የሚገባው በርዝመቱ ብቻ ሳይሆን፥ ከዓመቱ ውስጥ መኪና በሚያሳልፍባቸው ወራት ጭምር ነው። በዚህ አጭር ጥናት ልናሳይ ያሰብነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መኪና በማይጸና መሬት ላይ የሚሸነፈው በምን ምክንያት እንደ ሆነ፥ ሁለተኛውም ይህ የመሬት ጠባይ በመተከል ታሪክ ውስጥ ማንን እንደ ጠቀመና ማንን እንደ ጐዳ ነው። በጽሑፋችን የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቡለን ከድባጤ፥ ከወምበራ፥ ከማንዱራና ከዳንጉር ጋር ከመተከል ወረዳዎች አንዱ ነው። ሽናሻ፥ ጉሙዝ፥ አገው፥ አማራና ኦሮሞ አብረው ይኖሩበታል። መተከል ቀድሞ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረ አውራጃ ሲሆን ዋና ከተማው ቻግኒ ነበረች። ዛሬ ግን የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አንድ ዞን ነው፤ የዞኑም ከተማ ግልገል በለስ ናት። አገሩ ከደጋው ጫፍ ወደ በለስና ወደ ዓባይ ሸለቆ እየወረደ የሚሄድ፥ ቀርቀሃና ቁጥቋጦ የሞላበት፥ ክረምቱም ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ነው። በሜዳውና በረባዳው የሚገኘው ጥቁር ዋልካ በበጋ ሲደርቅ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ ያብጥና እንደ ሊጥ ይለጠልጣል። እንግዲህ አንዱ መሬት በዓመት ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ ጠባይ አለው ማለት ነው።

በሰሜን ዓለም፥ በሩስያ፥ በስካንዲናቪያና በካናዳ፥ ከዚህ ጋር የሚመሳሰለውን ችግር የሚያመጣው ጥልቅ በረዶ ነው። በአገራችን በረዶ መሬቱን አልብሶ የሚታየው በስሜን ተራሮች ከፍተኛ ጫፎች ላይ ያውም አልፎ አልፎ ስለ ሆነ፥ መኪናና በረዶ በእኛ ታሪክ አልተገናኙም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን በረዶና ዋልካ በመልክና በሙቀት ቢለያዩም በመኪና ላይ የሚያደርሱት ነገር እጅግ የተቀራረበ ነው። ስለዚህ ስለ አንዱ የተገኘው ዕውቀት ሌላውን ለመረዳት ይጠቅማል።

የነገሩ መሠረት ክብደት የሚያርፍበት ስፋት ነው። ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና መሬት የሚነካው በአራት ጎማዎች ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ጎማ መሬቱን የሚነካበት ስፋት ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙ አይበልጥም። መሬቱ ድንጋይ ወይም ደረቅ ጭንጫ ከሆነ ይህን ጫና ይችላል። በረዶ ወይም ዋልካ ከሆነ ግን ጎማው እየሰመጠ ይሄድና በመጨረሻ የመኪናው ሆድ መሬት ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ክብደቱን የተሸከመው ሆዱ ስለ ሆነ ጎማዎቹ በከንቱ ይሽከረከራሉ። ሾፌሩ ተናድዶ ቤንዚን በጨመረ ቍጥር ጕድጓዱን ራሱ ይቈፍራል። በበረዶ ላይ ሲሆን የጎማው ሙቀት በረዶውን ያቀልጠውና ተመልሶ እንደ መስተዋት ይለሰልሳል፤ በዋልካ ላይ ሲሆን ደግሞ ጭቃው የጎማውን ጥርስ ይሞላውና ጎማው ጥርስ እንደ ሌለው ይሆናል። በሁለቱም ዘንድ የሞተሩ ኀይል የሚጠቅመው ጥቂት ነው።

መድኀኒቱም በሁለቱ አገሮች አንድ ዓይነት ነው። ከጎማው ነፋስ ጥቂት ማስተንፈስ ጎማው መሬት የሚነካበትን ስፋት ይጨምራል። ሰንሰለት በጎማ ላይ ማሰር ያጣውን ጥርስ ይመልስለታል። በከባድ ማርሽ፥ ሳያቋርጡና ሳይቸኩሉ መሄድ፥ በጀመሩትም አካሄድ መጽናት ይበጃል። ሆዱ መሬት ከመንካቱ አስቀድሞ ማቆም፥ በአካፋ ጭቃውን ማውጣት፥ ከጎማው ሥር ቅርንጫፍና ድንጋይ መጐዝጐዝ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ካልሆነ ከዛፍ ጋር በገመድ አስሮ መጐተት ይቀራል። ልብ ብለን ብናየው ከዚህ ሁሉ መድኀኒት መካከል ያለ ሰው ጕልበትና ያለ አካባቢ ዕውቀት የሚሠራ አንድም የለም።

በዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር እናስታውሳለን። መኪና፥ ጎማ፥ ፍሪሲዮን፥ ባሌስትራና ካሚዮን የሚሉት ቃሎች ከውጭ፥ ይልቁንም ከኢጣልያንኛና ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ዋልካ፥ ጭቃ፥ ረግረግ፥ አረንቋና ማጥ ግን የራሳችን ቃሎች ናቸው። መሣሪያው ከውጭ ቢመጣም የሚፈተንበትን መሬት ስም ያወጣለት የአገሩ ገበሬ ነው።

በኢትዮጵያ በሞተር ኀይል የሚሄድ ነገር ሲገባ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይህ ፈተና ታይቷል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1896 ዓ.ም. ገደማ፥ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው ነው። መንገድ ለመሥራት የመጣው ይህ ከባድ መኪና ራሱ አዲስ አበባ እስኪደርስ በሰው ጕልበት ተጐተተ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለንጉሠ ነገሥቱ አመጣ። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መንገድ በሌለበት አገር መኪና ሰውን ከመሸከሙ በፊት ሰው መኪናን መሸከሙ ነው።

በመተከል ቆላ ግን የመሬቱ ጠባይ ከመኪናው መምጣት በፊትም በታሪክ ውስጥ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። የደጋው ባለ ሥልጣኖች ግብር ለማስገበር፥ ይልቁንም ባሪያ ለመፈንገል ወደ ጉሙዝ አገር የሚዘምቱት በበጋ ነበር። ዝናብ ሲጥል ወንዞቹ ይሞላሉ፥ ዋልካው ፈረሱንና በቅሎውን ይይዛል፥ ወባውም ይበረታል። ስለዚህ ለደጋው ዘማች እንቅፋት የሆነው ክረምት ለጉሙዙ ሰው ምሽግ ነበረ። መንገድ አለመኖርን ሁልጊዜ እንደ ድህነት ብቻ የሚቈጥር ታሪክ ጸሐፊ ይህን ሊዘነጋው አይገባም። መንገድ የሚከፈተው ለሐኪምም ለወራሪም ነውና።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የታየው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። ኢጣልያኖች ጎጃምን ለመያዝ የታመኑት በመኪና መንገድና በመንገዱ ዳር በተሠሩት ምሽጎች ነበር። ደብረ ማርቆስ፥ ቡሬ፥ እንጅባራና ዳንግላ ጦራቸው የሰፈረባቸው ከተሞች ነበሩ። ካሚዮን በማይገባበት ቆላ ግን ኀይላቸው የሳሳ ነበረ። ነጻ አውጪው ጦርም የገባው በዚሁ በኩል ነው።

በነሐሴ ወር 1932 ዓ.ም.፥ ክረምቱ በበረታበት ጊዜ፥ ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመሩት «ሚሲዮን 101» የተባለው ቡድን ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ጎጃም ገባ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ የነበሩት አዛዥ ከበደ ተሰማም የዚሁ ተልእኮ ተካፋይ ነበሩ። ጓዙ የተጫነው በበቅሎና በአህያ ነበር። በዚያ ወር በዚያ መሬት መኪና ለማሰብም የሚቻል አልነበረም፤ ጠላትም በካሚዮን ሊያሳድዳቸው አልቻለም።

ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የኢትዮጵያን ድንበር ሲሻገሩ ግን ወሩ በጋ ነበረ። ከዚያ ወደ በላያ ተራራ ለመሄድ ኦርድ ዊንጌት የካሚዮን ጉዞ ወሰነ። በላያ ዛሬ በመተከል ዞን በዳንጉር ወረዳ የሚገኝ፥ ያን ጊዜ አርበኛው ፊታውራሪ ታፈረ ዘለቀ የነበሩበት ተራራ ነው። መሬቱ ደረቅ ስለ ነበረ መኪና ያሳልፋል ተብሎ ታሰበ። ይሁን እንጂ ዋልካው በበጋም የራሱ ወጥመድ አለው። የተሰነጠቀው መሬት፥ የደረቁት ወንዞች ገደላ ገደል ዳርቻ፥ ቀርቀሃውና ድንጋዩ ጉዞውን እጅግ አዘገዩት። ቁጥቋጦ እየተመነጠረ፥ ድንጋይ እየተነሣ፥ የወንዙ አፋፍ እየተደለደለ፥ መኪናው በሰው እየተገፋ ይሄድ ነበር። በመንገድ የተገለበጠና የቀረ ካሚዮንም ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በላያ የደረሱት በጥር ወር መጨረሻ ነው። ጓዙን ይዞ የነበረው የግመል መንጋ ወደ 15 ሺህ እንደሚጠጋ ይገመታል። ከእነዚህም ውስጥ እስከ አዲስ አበባ የዘለቁት ጥቂት ዐሥሮች ብቻ ናቸው። የቀሩት በቆላውና በደጋው መውጫ አለቁ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የተከበረው ድል የእነዚህንም የእንስሳት፥ የጫኞቻቸውንም፥ የመንጣሪዎቹንም ድካም የያዘ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ታላቅ የሞተር ጦር ተመሳሳይ ትምህርት አገኘ። የጀርመን ጦር በሰኔ 1933 ዓ.ም. ሩስያን ሲወር መኪናና ታንክ ቢበዛለትም ከ600 ሺህ በላይ ፈረሶች አስከትሎ ነበር። በጥቅምት 1934 ዓ.ም. የሩስያ ጭቃ ካሚዮኖቹን ያዛቸው፤ ቀጥሎም ብርዱና በረዶው መጣ። ሞስኮም ሳትያዝ ቀረች። የዘመኑ ምርጥ ሞተርም ቢሆን ለመሬትና ለወቅት መገዛቱን ከዚህ እንረዳለን። ይህን ቀደም ብሎ የተረዳው በሩስያ ንጉሥ ጋራዥ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኬግረስ ነው። እርሱ በረዶ ላይ ለመሄድ ከኋላ ጎማ ፈንታ ሰፊ የላስቲክ ቀበቶ ለመኪና አበጀ። በ1915 ዓ.ም. የሲትሮየን መኪናዎች የሰሐራን በረሃ የተሻገሩት በዚሁ ለበረዶ በታሰበ ብልኀት ነው። በታኅሣሥ 1950 ዓ.ም. ደግሞ ኤድመንድ ሂላሪና ጓደኞቹ ሰንሰለት በተገጠመላቸው የእርሻ ትራክተሮች ደቡብ ዋልታ ደረሱ። ለበረዶ የተገኘው ዘዴ ለአሸዋ መሥራቱ፥ ለእርሻ ጭቃ የተሠራውም ለበረዶ መርዳቱ፥ ከላይ የተናገርነውን ያረጋግጣል።

ከነጻነት በኋላ ሁኔታው ቀስ በቀስ ተለወጠ። በአራቱም ጎማ የሚጐትት መኪና፥ በመጀመሪያ ጂፕ፥ ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮም ላንድሮቨር፥ በዓለም ገበያ ተስፋፋ። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘው የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር የሚሠራ የአውራ ጐዳና ባለ ሥልጣን በአገራችን ተቋቋመ። ከ1977 ዓ.ም. በኋላ በፓዌ ሰፈራ፥ ቀጥሎም በጣና በለስ ፕሮጀክት ምክንያት ከባድ መኪናዎች በበለስ ሸለቆ መመላለስ ጀመሩ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ በጉባ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብም ለመተከል መንገድ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። አንድ ጊዜ ካሚዮን በሰው ትከሻ በተገፋበት ዞን ውስጥ ታላላቅ የብረት ዕቃዎች በጭነት መኪና አለፉ።

ነገር ግን ዋናው ጐዳና መሻሻሉ የቀበሌውን ጥርጊያ አላጸናውም። ዋልካ ላይ ጠጠር ሳይለብስ የተጠረገ መንገድ በሐምሌ ወር መንገድ አይደለም። ለቡለን ገበሬ ይህ በሦስት ነገር ይገለጻል። መንገድ በተዘጋበት ወር እህሉን የሚሸጠው ቅርብ በተገኘው ዋጋ ነው። ከውጭ የሚመጣው ሸቀጥ ግን የመጓጓዣው ችግር ተጨምሮበት ይወደድበታል። ምጥ የጠናባት ሴት ደግሞ አምቡላንስ ካለበት እስክትደርስ በቃሬዛ ትወሰዳለች። ለእርስዋ የጭቃው ጥልቀት የመሐንዲስ ጥያቄ ሳይሆን የነፍስ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ የመተከል ጭቃ በታሪክ ሁለት ፊት አለው። በአንድ ፊቱ የባሪያ ፈንጋዩን ፈረስና የጠላትን ካሚዮን ከልክሏል። በሌላ ፊቱ ሐኪሙን፥ መምህሩንና ነጋዴውን ይከለክላል። የፈንጋዩ ዘመን አልፏል፤ ሐኪሙን የሚከለክለው ጭቃ ግን አለ። የቀድሞው ሰው ስለ መንገድ ጥርጣሬ ቢኖረው ምክንያት ነበረው። የዛሬው መንገድ ሠሪ ያንን ጥርጣሬ የሚያስወግደው መንገዱ በመጀመሪያ ለአገሩ ሰው የሚያገለግል መሆኑን በሥራ ሲያሳይ ነው። ይህም ማለት ጐዳናው ከሩቅ መጥቶ ወደ ሩቅ የሚያልፍ ብቻ ሳይሆን፥ ከቀበሌ ወደ ገበያና ወደ ጤና ጣቢያ በክረምትም የሚያደርስ እንዲሆን ነው።

በመጨረሻም ለጓደኞቻችን ተማሪዎች አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከመተከልም ሆነ ከሌላ ቆላ የምትመጡ፥ በዕረፍት ጊዜ ወደ አገራችሁ ስትመለሱ፥ መንገዱ በየዓመቱ በየትኛው ወር እንደሚዘጋና በየትኛው ወር እንደሚከፈት ከሽማግሌዎች፥ ከሾፌሮችና ከነጋዴዎች ጠይቃችሁ መዝግቡ። የኪሎ ሜትሩን ቍጥር መሥሪያ ቤቶች ይዘውታል። የወራቱ ቍጥር ግን የሚገኘው በሰው ትዝታ ውስጥ ነው፤ ያም ትዝታ ከባለቤቶቹ ጋር ሳያልፍ መጻፍ ይኖርበታል።