የመንጋጋ ወጌሻ

ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ፍኖተ ሰላም ከመባሏ በፊት፣ ጎረቤቷ ቡሬም በየካቲት 1933 ዓ.ም. ከጣልያን ጦር እጅ ሳትወጣ፣ በዙሪያቸው ባለው ገጠር የተሰበረና የወለቀ ሁሉ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነበረ። ወጌሻ ጥበቡን በእጁ እንጂ በብራና ስላልያዘው፣ ታሪኩን የሚሻ ሰው አውራ ጣቱን መመልከት ይገባዋል።

ማኅሌት ቆሞ ያደረ ደብተራ ከልክ በላይ ሲያዛጋ መንጋጋው ወልቆ፣ አፉ እንደ ተከፈተ ምራቁ እየወረደ ይመጣል እንበል። ወጌሻው በዱካ ላይ አስቀምጦ፣ ራሱን ከግድግዳ አስደግፎ፣ ሲገባ ጥርስ እንዳይነክሰው አውራ ጣቶቹን በጨርቅ ይጠቀልላል (መንጋጋ በግእዝ መንሰክ መባሉ ነሰከ፣ ነከሰ ከማለት ነውና)፤ በታችኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ላይ አኑሯቸው፣ በቀሩት ጣቶች አገጩን ከሥር ይዞ፣ መመለስ እንደማይችል እያወቀ ስለ ከብቱ እየጠየቀ ካዘናጋው በኋላ፣ አስቀድሞ ወደ ታች፣ ቀጥሎም ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከጆሮ ፊት ካለው ጉብታ አልፎ በጡንቻ ተቀርቅሮ የነበረው የአጥንት ራስ ቀጭ ብሎ ይገባል።

ይህንኑ አያያዝ፣ ከሰከላ የሚመነጨው ዐባይ በሚያጠጣው በግብፅ፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተገለበጠ የሕክምና ፓፒረስ ጽፎታል። ጥበቡ ወንዙን ተከትሎ ተጓዘ ለማለት አልደፍርም፤ የመንጋጋ ተፈጥሮ አንድ ቢሆን የእጅም መንገድ አንድ ይሆናል።

ካገባው ወዲያ በለጋ ቅቤ ማሸት፣ አገጭን ከራስ ጋር በነጠላ ማሰር፣ ቆሎና ጥሬ ሥጋ ከልክሎ አጥሚት ማጠጣት ይከተላል፤ በእኔ አሳብ የሙያው ክብር ከመግፋቱ ይልቅ በዚህ ትዕግሥት ነው። የመንጋጋ ሕመም ሁሉ ግን ውልቃት አይደለምና፣ ሌሊት ጥርሱን ሲያፋጭ ለሚያድር፣ ሲያኝክም ከጆሮው ሥር ቀጭ ቀጭ ለሚለው ሰው ጉተታ ጉዳት ነው። ለእንዲህ ያለው የዛሬው ፊዚዮቴራፒ ሞቅ ያለ ጨርቅ፣ ለስላሳ ማሸት፣ የምላስን ጫፍ ከላንቃ አስጠግቶ አፍን ቀስ ብሎ መክፈትን ያዝዛል።

የሙያው ስም ግን አልተለወጠም፤ በኳስ ሜዳ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን፣ ዲፕሎማ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ሕዝቡ «ወጌሻው ገባ» ይለዋል።