የመንጋጋ ጃይንት ሴል ግራኑሎማ በመድኃኒት ሲታከም

የመንጋጋ ጃይንት ሴል ግራኑሎማ ካንሰር ያልሆነ፣ ሆኖም አጥንት እየበላ የሚያድግ እባጭ ነው። በብዛት የሚታየው ከ30 ዓመት በታች ባሉ ሰዎች፣ ይልቁንም በሴቶች ላይ ሲሆን የታችኛውን መንጋጋ ያዘወትራል። ሄንሪ ጃፌ የተባለው አሜሪካዊ የፓቶሎጂ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ገለጸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1971 ያሳተመው የመንጋጋ ዕጢዎች ምደባም ከካንሰር ውጭ ካሉት የአጥንት ሕመሞች ጋር መድቦታል።

የተለመደው ሕክምና እባጩን ፍቆ ማውጣት ነው። ፈጥኖ የሚያድገው፣ የጥርስ ሥር የሚያሟሟውና የአጥንቱን ሽፋን የሚበሳው ዓይነት ግን ከተፋቀ በኋላም ደጋግሞ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሐኪሙ መንጋጋውን ከነጥርሱ ቆርጦ ለማውጣት ይገደዳል። ፊቷ ገና በማደግ ላይ ላለች ልጅ ይህ ከባድ ዋጋ ነው፤ የመድኃኒት አማራጭ የተፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀደም ብለው የተሞከሩት እባጩ ውስጥ የሚወጋ ስቴሮይድ፣ ካልሲቶኒንና ኢንተርፌሮን ናቸው። ስቴሮይዱ ትሪያምሲኖሎን ከማደንዘዣ ጋር ተቀላቅሎ በየሳምንቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለስድስት ሳምንት ይሰጣል። ርካሽ ስለሆነና በቀላሉ ስለሚገኝ፣ አቅም ውስን በሆነበት አገር በመጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ይኸው ይመስላል።

ዴኖሱማብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእባጩ ውስጥ ያሉ ሴሎች ራንክል የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ አጥንት የሚበሉትን ግዙፍ ሴሎች የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ዴኖሱማብ ይህን ፕሮቲን ይይዘዋል፤ ግዙፎቹ ሴሎች ይጠፋሉ፣ የተቦረቦረው ቦታም በአዲስ አጥንት ይሞላል። ይህን እባጭ ለሚመስለው የአጥንት ጃይንት ሴል ዕጢ የተለመደው መጠን 120 ሚሊግራም ሲሆን በየአራት ሳምንቱ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ በመጀመሪያው ወር በ8ኛውና በ15ኛው ቀን ይጨመራል። በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች መድኃኒቱን ከቀዶ ሕክምና ይልቅ ሰጥተው የታካሚዎቻቸውን የረጅም ጊዜ ክትትል በ2018 አሳትመዋል። ቀዶ ሐኪሞች ቢላቸውን አቆይተው መርፌ መሞከራቸው ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም ዴኖሱማብ ራንክል አመንጪዎቹን ሴሎች አይገድላቸውም። ስለዚህ መርፌው ሲቆም እባጩ ሊመለስ ይችላል፤ አንዳንዴም መድኃኒቱ ካጠነከረው በኋላ የቀረውን መፋቅ ያስፈልጋል። የካልሲየም መጠን እንዳይወርድ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አብረው ይሰጣሉ። ጥርስ መንቀል ካለ አስቀድሞ ይጨረሳል፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንት እንዲሞት ያደርጋል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ማንኛውም ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የደም ካልሲየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን መለካት አለባቸው። ሆርሞኑ በመብዛቱ የሚመጣው ቡናማ ዕጢ በማይክሮስኮፕ ከዚህ እባጭ አይለይምና፤ የእሱ መድኃኒት ደግሞ ያለው መንጋጋው ላይ ሳይሆን አንገት ውስጥ ካለው እጢ ዘንድ ነው። በልጆች ላይ የደም ካልሲየም ዴኖሱማብ ከቆመ ከወራት በኋላ በድንገት ሊያሻቅብ ስለሚችል፣ የደም ምርመራው በመጨረሻው መርፌ አያበቃም።