ስለ ክፉ ቀንና ስለ እግዚአብሔር ፍርድ



አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሰየሙት ዘመን ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ታላቅ ረኃብ ነው። የእግዚአብሔርን ፍርድ የሚመለከተው አስጨናቂ ጥያቄ ከዚያ ዘመን ይልቅ በርትቶ የተጠየቀበት ጊዜ በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ይኸውም፣ እግዚአብሔር ቸር ከሆነ ሕፃኑ በእናቱ ደረቅ ጡት ላይ ስለ ምን ሞተ? የሚል ነው።

የነገሩ መነሻ ከብት ነበረ። በ1880 ዓ.ም. ለኢጣልያ ጦር ተብለው በምጽዋ ወደብ ከገቡት ከብቶች ጋር ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ገባ። (እንዲህ ላለ መቅሠፍት ይህን ስም ያወጣለት ማን ይሆን?) በሽታው ደጋውንም ቆላውንም አዳርሶ የአራሹን በሬ ፈጀ። ከጉና ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ በተዘረጋው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር በሬ የሌለው ገበሬ እጅ እንደሌለው ሰው ነው። በዚያ ላይ ዝናም ቀረ፤ የበቀለችውንም ጥቂት አዝመራ አንበጣና ተምች በላት። በጌምድር ደግሞ ሌላ መከራ ተጨመረበት። በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ በዘመቻ የሚመላለሰውም ሠራዊት ስንቁ የባላገሩ ጎታ ነበረ።

ሰው ሁሉ «ኃጢአታችን ነው» አለ፤ ምሕላም ያዘ። ስለ ራስ ኃጢአት ማልቀስ መልካም ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ታዝዘዋለች። ነገር ግን ስለ ራስ «በድያለሁ» ማለትና ስለ ጎረቤት «በድሎ ነው የሞተው» ማለት አንድ አይደለም። በሰሊሆም ግንብ ተንዶ ስለ ገደላቸው ዐሥራ ስምንት ሰዎች ጌታችን ሲያስተምር፣ ሟቾቹን ከሌላው ሰው የባሱ በደለኞች አድርጎ መቍጠርን ከለከለ፤ የንስሐውንም ነገር በሕይወት ወዳሉት ወደ ሰሚዎቹ መለሰው። የኢዮብም ወዳጆች የተገሠጹት ለእግዚአብሔር የተሟገቱ መስሏቸው ቍስለኛውን ስለ ከሰሱ ነው።

እንግዲህ ያን መቅሠፍት ብንመረምረው የሰው እጅ በብዙ ስፍራ ይገኝበታል። የታመሙትን ከብቶች ያመጣው ባሕር ተሻግሮ የመጣው ጦር ነው፤ ጎታውንም ያራቆተው ጦር ነው። ዝናሙ ስለ ምን እንደ ቀረ ግን ብንጠይቅ መልስ አናገኝም። ኢዮብም ለጥያቄው መልስ አላገኘም፤ ጌታውን ግን አገኘ። ሆኖም ምክንያቱ አለመታወቁ እጅን አጣጥፎ ለመቀመጥ ፈቃድ አይሆንም። ዐፄ ምኒልክ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው መሬት የቈፈሩት ሕዝቡ ያለ በሬ ቈፍሮ እንዲዘራ ለማበረታታት ነው። ያ የከብት በሽታም በክትባት ሲታደን ኖሮ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታወጀ። የእግዚአብሔር በትር ነውና አይነካም ተብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬም በሬዎቻችንን በፈጀ ነበር።

ረኃብ ከዚያ አገር ጨርሶ አልራቀም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲ ኔት መርሐ ግብር ካቀፋቸው ወረዳዎች ውስጥ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ይገኙባቸዋል። ታዲያ ይህ ጎተራው የሚጎድል አገር የቤተ ክርስቲያን መምህር ነው። የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕትም ምስክር የሆነችው ዙር አባ በዚያው በጋይንት ምድር ናቸው። ተማሪው አኵፋዳውን አንግቦ በማርያም ስም የሚለምነው ከገበሬው ደጅ ነው፤ ገበሬውም ከጐደለው ላይ ቈርሶ ይሰጠዋል። ረኃብ የኃጢአት ደመወዝ ነው የሚል ሰው እነዚህን ምን ብሎ ይከሳቸዋል?

ትውፊቱ እንደሚለው ቅዱስ ያሬድ ዝማሬ መዋሥዕትን የደረሰው በዙር አባ ነው። መዋሥዕት ሙታን የሚሸኙበትና የሚታሰቡበት ዜማ ነው። በክፉ ቀን በየመንገዱ ወድቀው ቄስ ሳይደርስላቸው የቀሩ ብዙዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ያንቀላፉትን ሁሉ ስታስብ እነርሱንም ታስባለች፤ የሞቱበትንም ምክንያት ሳትመረምር ምሕረትን ትለምንላቸዋለች።