ካሴት ዕድሜዬን አያይም

ኢየሩሳሌም ውስጥ የኢትዮጵያ ጎዳና የሚባል ጠባብ መንገድ አለ። በአንድ ወገን እ.ኤ.አ. በ1893 ተሠርታ ያለቀችው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ጉልላት ከግንቡ በላይ ይታያል። ከማዶ ካሉት የድንጋይ ቤቶች በአንዱ ደግሞ ዕብራይስጥን ዳግም የቤት ቋንቋ ያደረገው ኤልዔዘር ቤን ይሁዳ ኖሯል። አባቴን አንድ ቀን እዚያ ወስጃቸው ነበር። ከዘራቸውን ተደግፈው ከግቢው የሚወጣውን የግዕዝ ዜማ ሲያዳምጡ ቆዩና "ይኼ ሰውዬ ዕብራይስጡን በመጽሐፍ ነው የተማረው ወይስ በጆሮ?" ብለው ጠየቁኝ።

በመጽሐፍ ነው። ቤን ይሁዳ በ1881 ያፋ ሲደርስ ዕብራይስጥ የጸሎትና የመጻሕፍት ቋንቋ ነበር። ከየአገሩ የመጡ አይሁድ ሲገናኙ ይግባቡበት ይሆናል እንጂ እናት ልጇን የምታባብልበት አልነበረም። እሱና ሚስቱ ዲቮራ ግን በቤታቸው ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር ወሰኑ። በ1882 የተወለደው የመጀመሪያ ልጃቸው ዕብራይስጥ ብቻ እየሰማ፣ ሌላ ቋንቋ ከሚናገሩ ልጆች ተለይቶ አደገ። ለፎጣ ቃል ሲጠፋ አባትየው "ማጌቬት" አለ፤ ለአይስክሬም "ግሊዳ" አለ። ሰው ሁሉ የቤን ይሁዳን መዝገበ ቃላት ያነሣል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ያን ልጅ ነው። ሊቃውንቱ ሁሉ ከገጽ የለቀሙትን እሱ በጆሮው ተቀበለ። አባቴም ከሱ ወገን ናቸው።

እኛ ወደ እስራኤል የመጣነው በግንቦት 1991 ነው፤ በሁለት ቀን ከ14 ሺሕ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተጓዘበት በዘመቻ ሰሎሞን። አባቴ ያኔ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። የቤተ እስራኤል ቄስ ልጅ ናቸው፤ የኦሪቱን ጸሎት በግዕዝ ከአባታቸው አፍ እየተቀበሉ፣ ከብት እየጠበቁ ሲያነበንቡ ነው ያደጉት። ፊደል ግን አልቆጠሩም። በ1955 ከኢትዮጵያ 12 ወጣቶች ዕብራይስጥ ተምረው እንዲያስተምሩ እስራኤል ውስጥ ወዳለችው ክፋር ባትያ ተልከው ነበር፤ ያ ትምህርት የአባቴን መንደር አልደረሰም።

ኡልፓን የሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት በ1949 ኢየሩሳሌም ውስጥ በኡልፓን ዔጽዮን ሲጀመር የተማሩ ስደተኞችን በአጭር ጊዜ ለሥራ ለማብቃት ነበር። አስተማሪው ዕብራይስጥን በዕብራይስጥ ያስተምራል፤ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል። ብዙ ሺሕ ሰው በዚህ መንገድ አፉን ፈቷል፤ አላቃልለውም። ለእርሻና ለከብት ሰው ግን በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነበር። አባቴ እርሳሱን እንደ ጦር ጨብጠው ተቀምጠው ይውላሉ። ከሁሉ የከፋባቸው ደግሞ ሌላ ነው። የልጃቸው እኩያ የሆነች አስተማሪ ጣቷን ወደሳቸው ቀስራ "አታ" ትላቸዋለች። አታ ማለት አንተ ነው፤ መሐል ያለችውን "ን" ዕብራይስጡ ውጧታል። ሰው "አባ" እያለ ጉልበት የሚስማቸው ሽማግሌ በሰው ፊት አንተ ተባሉ። በሁለተኛው ወር ቀሩ።

ቴፑን ያመጣላቸው በ1984 በሱዳን በኩል የገባ የወንድማቸው ልጅ ነው። አንድ ድምፅ ማጉያ ያላት ጥቁር ቴፕ፣ አራት ድንጋይ የምትበላ፣ ከሦስት የጀማሪ ካሴቶች ጋር። ካሴት ለኛ አዲስ አልነበረም። ከኢየሩሳሌም ወደ ጎንደር የሚመጣው ወሬ በካሴት ነበር የሚመጣው። ደብዳቤ አንባቢ ይፈልጋል፤ ካሴት ግን ጎረቤት ተሰብስቦ ይሰማዋል፣ የናፈቀው ሰው ሳል እንኳ ይሰማል።

ሌሊት የምንኖርበት ካራቫን ጸጥ ሲል ቴፑን ይከፍቱታል። "ማ ሽሎምኻ?" ይላል የካሴቱ ሰውዬ። ዝም ይላል። አባቴ ይመልሳሉ። ይመልሱትና እንደገና ያጠነጥኑታል። "እዚያም እኮ አታ ነው የሚልዎት" ስላቸው "ካሴት ዕድሜዬን አያይም" አሉኝ። ቁጥር ላይ ሲደርስ ፊታቸው በራ፦ ሼሽ፣ ሼቫ፣ ሽሞኔ፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት።

ፖል ፒምስለር የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር በ1967 ባወጣው ጽሑፍ አዲስ ቃል ከአምስት ሰከንድ በኋላ፣ ከዚያ ከ25 ሰከንድ፣ ከዚያ ከሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ከአሥር ደቂቃ እየተራራቀ ቢጠየቅ አእምሮ ውስጥ ይተከላል ብሏል። ዛሬ በስሙ የሚጠሩት የድምፅ ትምህርቶች የተሠሩት በዚህ ነው። ሳነበው አያቴ ትዝ አሉኝ። አንዱን የጸሎት ቃል ጠዋት ይሰጣሉ፣ ከብቱ ሲሰማራ ይጠይቃሉ፣ ማታ ይጠይቃሉ፣ በሰንበት ይጠይቃሉ።

በጆሮ ብቻ መማር ጉድለቱም አለው። እናቴ የምትሰማው የአባቴን ካሴት ነበር፤ እዚያ ላይ የሚናገረው ወንድ ነው። በአማርኛ "እፈልጋለሁ" ለሴትም ለወንድም አንድ ነው፤ ዕብራይስጥ ግን ይለያል። እናቴ ገበያ ወርዳ "አኒ ሮጼ" ብላ ቲማቲም ስትጠይቅ ሻጩ ደጋግሞ ያያታል። "ሮጻ በይ" ስላት አንድ ሳምንት ገበያ አልወጣም አለች። እስካሁን ያሳዝነኛል፤ ቀስ ብዬ ቤት ውስጥ ልነግራት ይገባኝ ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት የተቸገርኩት በጽሕፈቱ ነው። ዕብራይስጥ ሁለት "ተ"፣ ሁለት "ከ" ይጽፋል፤ የዛሬ ተናጋሪ ግን አንድ አድርጎ ነው የሚጠራቸው። ታዲያ ሲምታታብኝ አባቴን "በኛ ምን ይባላል?" እላቸዋለሁ። "ታዓም" ጣዕም ነው፣ በ"ጠ"፤ ስለዚህ በጤት ይጻፋል። "ካዶሽ" ቅዱስ ነው፣ በ"ቀ"፤ ስለዚህ በቆፍ። ፊደል ያልቆጠሩት አባቴ ፊደል አስቆጠሩኝ።

ከነዚያ ሦስት ካሴቶች አንዱ ጠፍቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ ጎንደር የቀረው ታናሽ ወንድማቸው ሲመጣ ከሻንጣው አወጣው። ጀርባውን ስንከፍተው የአባቴ ድምፅ ነው። በትምህርቱ ላይ ደርበው ቀድተው ልከውለት ኖሯል። መጀመሪያ ሰላምታ አለ፣ ስለ ከብቱ ጥያቄ አለ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፦ "ስማኝ። እዚህ እርስዎ የሚባል ነገር የለም። ትንሹም ትልቁም አታ ይልሃል። ንቀት እንዳይመስልህ፣ ቋንቋው ሌላ ስለሌለው ነው። በል አሁን ከኔ ጋር በል፦ ሼሽ።" ዝም ይላሉ፤ የቴፑ እሽክርክሪት ብቻ ይሰማል። "ሼቫ።"